ካሳ ማንን ካሰ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ስዊድን የሚኖረው ወንድሜ ልጆቹን ያስመዘገበው በአያታችን ስም በ«ካሳ» ነው፤ እዚያ የሚታወቁት «የካሳ ቤተሰብ» ተብለው ነው። በቅርቡ የመጀመሪያ ልጁ በትምህርት ቤት «የቤተሰብ ስማችሁ ከየት መጣ? ትርጉሙ ምንድን ነው? ስንት ሰው ይጠራበታል?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጠው። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አንዱ ድረ ገጽ የገንዘብ መክፈያ ቦታ ነው አለው፤ ሌላው የከተማ ስም ነው አለው። ግራ ቢገባው ደውሎ ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው ፍርድ ቤት የሚወስነውን ካሳ ብቻ ነው። አጎቴ ደግሞ «ስማችን የመይሳው ካሳ ነው፤ የቴዎድሮስ ዘር ነን፤ ይህንኑ ጻፍ በይው» ይላሉ። የትኛው ነው ትክክሉ? አጻጻፉስ «ካሳ» ነው ወይስ «ካሣ»?

መልስ፦ ከቃሉ ልነሣ። «ካሳ» የሚለው ስም የወጣው «ካሰ» ከሚለው ግስ ነው። ካሰ፣ ይክሳል፣ ክሶ፣ መካስ እያለ ይረባል፤ ልክ ላከ፣ ይልካል፣ ልኮ፣ መላክ እንደሚለው። ፍቺው የጎደለን መሙላት፣ የተጎዳን ሰው በጉዳቱ ልክ መመለስ ነው። ግሱ ዛሬ በአማርኛ ሁለት ፊደል ብቻ ይዞ ይታይ እንጂ ቀድሞ ሦስት ነበረው። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ከሓሰ»፣ «ካሕሳ» ይላል፤ የመካከለኛዋ ሐ አልወደቀችበትም። አማርኛ እንዲህ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ሲጥል ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ ከፊቱ ያለውን ፊደል ወደ ራብዕ ይመልሰዋል። ግእዝ ጸሐፈ የሚለውን እኛ ጻፈ፣ ሰሐበ የሚለውን ሳበ፣ ሰዐለ የሚለውን ሳለ፣ ለአከ የሚለውን ላከ የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ዓድዋ ላይ «ካሕሳይ» የሚባለውና ደንቢያ ላይ «ካሳዬ» የሚባለው ሰው በስም ሞክሼ ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱንም ወላጆቻቸው «የእኔ ካሳ» ብለዋቸዋል።

በመልክ የሚቀራረቡትን ሁለት ቃላት ግን እናርቃቸው። «ክስ» የመጣው ከ«ከሰሰ» ስለሆነ ከካሳ ጋር ፍርድ ቤት ውስጥ ይገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። «ከሳ» ደግሞ ሳ ጠብቃ የምትነበብበት፣ መመንመንን የሚያሳይ ሌላ ግስ ነው። በ«ካሳ» ውስጥ ሳ ላልታ ነው የምትነበበው። ይህን ልጁ ስሙን ለመምህሩ ሲያነብ ቢያስታውሰው አይከፋም፤ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችን አጥብቀው ሲጠሩት እሰማለሁና።

ታዲያ ካሳ የሰው ስም የሆነው እንዴት ነው? መንገዱ አጭር ነው። ልጅ የሞተባትን እናት ሊያስተዛዝን የሄደ ሰው ምን እንደሚላት እርስዎም ያውቁታል፦ «እግዜር ይካስሽ»። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ከተወለደ ምርቃቱ ደረሰ ይባልና ሕፃኑ «ካሳ» ይሆናል። ስሙ የሕፃኑን ጠባይ ወይም መልክ አይናገርም። የሚናገረው ከእሱ በፊት ያ ቤት ስላጣው ሰው ነው። የሞተው ወንድም ወይም እኅት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በማሕፀን ሳለ የሞተ አባትም ሊሆን ይችላል። ሞት ብቻም አይደለም፤ ረጅም መካንነት፣ ስደት፣ በክርክር የተነጠቀ ርስት፣ ከብት የፈጀ በሽታ ሁሉ «ካሳ» የሚያሰኝ ጉዳት ነው።

ስሙ ብቻውን አይሄድም፤ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉት። «ካሳሁን» ትእዛዝና ልመና ነው፣ «ለእኔ ካሳ ሁን» እንደ ማለት። «ካሳነሽ» ለሴት የተነገረ ዓረፍተ ነገር ነው። «ካሰች» ፍጹም ጉዳይ ነው፤ ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳለች። «ካሴ»፣ «ካሱ» የቁልምጫ መልኮች ናቸው። ከዚያ ወጣ ስንል ደግሞ በፍቺ ጎረቤት የሆኑ ስሞች አሉ፦ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ፋንታሁን፣ ማስረሻ። ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ዓይነት ሐዘን ቢሆንም አንድ አይደሉም። ምትኩ የሞተውን ቦታ የያዘ ነው፤ ፋንታሁን ያንኑ ቦታ እንዲይዝ የተለመነ ነው፤ ማስረሻ ሐዘኑን እንዲያስረሳ የተላከ ነው። ካሳ ግን ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። የሕግ ቃል ነውና በውስጡ የተበደለ ወገን አለ፤ የሚክስ ወገንም አለ። «ካሳ» ያለች እናት ሳታስበው ከፈጣሪ ጋር ሒሳብ ተሳስባለች።

የእኛ አገር ሰው የስሙን ክብደት የሚያየው ከ«ደመላሽ» አጠገብ ሲያስቀምጠው ነው። በጎንደርና በጎጃም ደመላሽ የተለመደ ስም ነው፤ ደም መላሽ፣ የተገደለ ዘመዱን ደም የሚመልስ ማለት ነው። ሰው የተገደለበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድለት ከፊቱ ሁለት መንገድ አለ። ደመላሽ ካለው ልጁ በስሙ ዕዳ ተሸክሞ ያድጋል፤ ገዳይም ሆነ የገዳይ ዘመድ በገበያ ስሙን በሰማ ቁጥር ይጠነቀቃል። ካሳ ካለው ግን ሒሳቡ እንደ ተዘጋ ተናገረ። ስለ ጎንደር ስሞች በተነሣ ቁጥር ጀግንነትን ብቻ ለሚያወሱ ሰዎች ይህንን ሁለተኛውን ስም አስታውሳቸዋለሁ።

ወደ አጎትዎ ልምጣ። አጎትዎን አልፈርድባቸውም። የቴዎድሮስ ሐውልት ከተማው መካከል ቆሞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ተጠርቶ፣ ካሳ የሚባል አያት ያለው ሰው መይሳውን ባያስብ ነው የሚገርመው። የቋራው ካሳ፣ ካሳ ኃይሉ፣ በ1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭን «ቴዎድሮስ» ተባለ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመልከቱ። በመቅደላ ተማርኮ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልጁ የሚጠራው «ዓለማየሁ ቴዎድሮስ» ተብሎ ነው፤ «ዓለማየሁ ካሳ» የሚለው የለም። ካሳ የሚለው ስም ከራሱ ከንጉሡ ቤት እንኳ ወደ አንድ ትውልድ አልተሻገረም። ከእሱ ቀጥሎ ከነገሡት መካከል በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ቀድሞ ስማቸው ካሳ ነበር፤ ካሳ ምርጫ፣ ካሳ አባ በዝብዝ። ልጃቸው ግን «አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ» ነው። በአንድ ክፍለ ዘመን ሁለት ነጋሢ ካሳዎች፣ አንዱ የቋራ፣ አንዱ የተንቤን፣ በስም እንጂ በዘር የማይገናኙ።

ሦስተኛ ልጨምር። ልዑል ራስ ካሳም «ካሳ ኃይሉ» ናቸው፤ ከቴዎድሮስ ጋር በስም ብቻ ሳይሆን በአባት ስምም ሞክሼ መሆናቸው ነው። እኒህ በ1920ዎቹ በጌምድርን የገዙት፣ በሸዋ ሰላሌ የሚታወቁት መስፍን ናቸው። የልጃቸው ስም አሥራተ ካሳ፤ የአሥራተ ልጅ በጀርመን የሚኖሩት ጸሐፊ ደግሞ አስፋወሰን አሥራተ ናቸው። እዚህም ካሳ በሁለተኛው ትውልድ ከስሙ ወጣ። አውሮፓ ውስጥ እየኖሩ እንኳ የአባታቸውን ስም እንጂ የአያታቸውን ለመለያ አልያዙም። አንድ ሰው «ካሳ ኃይሉ» ስለተባለ ብቻ የዘር ሐረግ የምንስል ቢሆን ኖሮ ሰላሌንና ቋራን አንድ ቤት ባደረግን ነበር።

ስለዚህ አጎትዎ የቴዎድሮስ ዘር ነን ካሉ ማስረጃው ስሙ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው እሳቸው ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው፤ ዘር መቁጠር። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩና ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ላይ ይድረሱ። ከደረሱ ስማቸው ምንም ቢሆን ዘመድ ናቸው። ካልደረሱ መቶ ካሳ ቢኖራቸው አይጠቅማቸውም።

ከዚህ ላይ ነው የጥያቄው ሥር ያለው። ልጁ የተጠየቀው «የቤተሰብ ስም» ነው፤ ወንድምዎ ያስመዘገበው ግን የአያት ስም ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኛ ዘንድ ስም የአንድ ሰው ነው፤ ከኋላው የሚከተሉት የአባትና የአያት ስሞች ማን እንደ ወለደው ይመሰክራሉ እንጂ እሱ አይጠራባቸውም። አቶ ብለን የምንጠራው ባለቤቱን በራሱ ስም ነው። የወንድምዎን ልጅ «አቶ ካሳ» ብሎ የጠራው ሰው በእኛ ጆሮ የጠራው ልጁን አይደለም፤ ነፍሳቸውን ይማርና አያታችሁን ነው። ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ የአባቷ ልጅነቷ በጋብቻ አይፈርስም።

ሕጉ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ ለቤተሰቡ የጋራ የሆነ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ድንጋጌውም የአገራቸውን ልማድ ይመስላል። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ያልተቀበለበት ምክንያት ቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በጌምድርና ጎጃም ውስጥ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም ነበር። ሰው በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባት፣ በእናቱ እናት በኩል እየቆጠረ በየአገሩ መሬት ይካፈል ነበር። ራስ ካሳ እንኳ ከሸዋ ነገሥታት ቤት የሚገናኙት በእናታቸው፣ በራስ ዳርጌ ልጅ በኩል ነው። በእንዲህ ያለ አገር በአባት መስመር ብቻ የሚወርድ ስም የሚጠቅመው ማንን ነው? ግማሹን ዘመድ ያስቆርጣል፤ ርስትም ያሳጣል። የእኛ ባላገር የቤተሰብ ስም የሌለው ቤተሰቡን ስለማያውቅ አይደለም፤ ቤተሰቡ በአንድ ስም ስለማይጠቀለል ነው።

ስዊድን ውስጥ ግን የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው የለም፤ ሕጉ ግድ ይላል። ስለዚህ መዝጋቢው በቅጹ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም ያነሣል። ወንድምዎ ሦስት ስም ጽፎ ከሆነ የመጨረሻው ካሳ ነው፤ ሁለት ጽፎ ቢሆን ኖሮ የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ይሆን ነበር። እዚያው ስዊድን ያለ የአጎታችሁ ልጅ በሌላ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ዝምድናችሁን ከሰነድ የሚፈልግ የውጭ ሰው አያገኘውም። ይህ ከጎንደር ሰዎች መካከል በብዛት የደረሰባቸው ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ከወለቃ፣ ከስሜን፣ ከደንቢያና ከሌላውም ተነሥተው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ እስራኤል ሲገቡ፣ መዝጋቢዎች ለአንዱ የአባቱን፣ ለሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉለት፤ ለብዙዎቹም የራሳቸው ስም በዕብራይስጥ ስም ተለወጠ። ወንድማማቾች በሁለት የቤተሰብ ስም የሚጠሩበት ቤት የተገኘው እንዲህ ነው። በእኛ ልማድ የልጅ ልጅ ሲወለድ ከስም ዝርዝር የሚወጣው አያት፣ እዚያ ድንገት የትውልዶች ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ።

ይህን ልጁ ለክፍል ጓደኞቹ ሲነግር እንግዳ ነገር የሚያወራ እንዳይመስለው አንድ ነገር ይጨምሩለት። አንደርሾን፣ ዮሐንሶን የሚባሉት የስዊድን ስሞች ትርጉማቸው የአንደሽ ልጅ፣ የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። አያቶቻቸው እንደ እኛ በየትውልዱ የአባት ስም ይለውጡ ነበር፤ ስሙ በየቤቱ ረግቶ እንዲቀር ደንብ የወጣው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። አይስላንድ ግን አሁንም በአባት ስም ትሄዳለች። የልጁ ቤተሰብ አሁን እያለፈበት ያለውን የክፍል ጓደኞቹ ቅድመ አያቶች አልፈውበታል።

«ስንት ሰው ይጠራበታል?» ለሚለው ቁጥር መስጠት የሚቻለው ስሙ የቤተሰብ ስም በሆነበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ አንዱ ካሳ ራሱ ነው፤ የሌላው አባቱ ነው፤ የሦስተኛው አያቱ ነው። ሦስቱን ደምሮ «የካሳ ቤተሰብ ይህን ያህል ነው» ማለት ሐዘኖችን ቆጥሮ ዘመዳሞች ናቸው እንደ ማለት ነው። ልጁ ሊጽፍ የሚችለው ስሙ በአማርኛ ተናጋሪው አገር ሁሉ፣ በጎንደርም በወሎም በጎጃምም በሸዋም፣ የታወቀ መሆኑን ነው፤ በትግርኛ ካሕሳይ ሆኖ ትግራይና ኤርትራ ውስጥም አለ። እንዲሁም ስሙ የሽማግሌዎች ስም እየሆነ መሄዱን ይጨምር። ዛሬ በክርስትና ድግስ ላይ የምሰማው ናሆም፣ ያፌት፣ ሶልያና፣ ኤልዳና ነው። ፋሽን አንድ ምክንያት ነው፤ ትልቁ ግን ሌላ ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አያታችሁ በተወለዱበት ዘመን የነበረው ደግሞ ከሁለቱም የከፋ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ሞት ሲቀንስ ምትኩና ካሳ የሚሰየሙበት ምክንያትም ይቀንሳል። ስሙ ቢጠፋ የማላዝንለት የአማርኛ ስም ቢኖር ይኸው ነው።

የድረ ገጾቹ ነገር ቀላል ነው። በስዊድንኛም በሆላንድኛም «ካሳ» የሚመስል ቃል የገንዘብ መክፈያ ቦታን ይሰይማል፤ በእኛ ቋንቋ ካለው ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። ከተማ የተባለችው ደግሞ ሀንጋሪዎች «ካሻ» የሚሏት የስሎቫኪያዋ ኮሺትሴ ናት፤ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ከእናንተ ስም ጋር አንድ ስለምትሆን ኮምፒውተሩ አደባለቃት። የስም ትርጉም የሚሸጡ ድረ ገጾች የሚያዩት ፊደል ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣውና በምን ቀን እንዳወጣው አይጠይቁም።

እርስዎ ግን ሊጠይቁ ይችላሉ። አጎትዎን ስለ መይሳው ከመከራከር ይልቅ «አባባ ካሳ ከመወለዳቸው በፊት ቤታችን ማንን አጥቶ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። የሚነግሩዎት የሞተ ታላቅ ወንድም ወይም የተገደለ አባት ካለ፣ የልጁ የቤት ሥራ መልስ እሱ ነው። ስለ ክርስትና ስማቸውም አብረው ይጠይቁ፤ ካሳ የዓለም ስማቸው ነው፤ በ40 ቀናቸው ካህኑ የሰጣቸው ሌላ ስም ይኖራል፤ ፍትሐታቸውም የተደረገው በዚያ ነው። አዛውንቶች ሲያልፉ ቶሎ የሚጠፋው ይህ ሁለተኛው ስም ነው።

የቀረው አጻጻፉ ነው። እኔ በእሳቱ ሰ፣ «ካሳ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ግሱን «ካሰ» ብለን እየጻፍን ስሙን በንጉሡ ሠ የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። «ካሣ» ብለው የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ስሕተት ነው አልልም። ትግርኛም በዚህ አይረዳንም፤ እሱም እንደ እኛ የሁለቱን ፊደላት የድምፅ ልዩነት አጥቷል። በላቲን ፊደል ሁለት ስ የሚደረደረው ቀድሞ በፈረንሳይኛ ልማድ ስለተጻፈ ይመስለኛል፤ በዚያ አነባበብ በሁለት አናባቢ መካከል የገባ አንድ ስ «ዝ» ይሆናልና «ካዛ» እንዳይባል ነው የደረቡት። አጥብቁት ማለት አይደለም። በአገር ውስጥ ሰነድ ግን የእኔን ምርጫ ይተዉትና አያታችሁ በቤታችሁ ወረቀት ላይ የተጻፉበትን ፊደል ይከተሉ፤ ለአንዲት ሠ ሲባል ሦስት ምስክር ያቆመ ወራሽ አውቃለሁ።